ከትንሿ ጣቴ አልወጣ ያለው ቀለበት

ልጄ ቦሌ እንሂድ ብሎኝ ነበር። እዚያ መስታወት በመስታወት የሆኑ ሱቆች አሉ፣ ማንም ማንንም አያውቅም፣ አይተን መርጠን እንወጣለን አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም የማያውቀኝ ቤት ገብቼ ምን እገዛለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ገመድ፣ ሸራና ጆንያ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ዕቃ የሚገዛው ከሚያውቀው ነው። ወርቅ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። አልማዝ የሚባለውማ ስሙን እንጂ መልኩን እንኳ አይቼ የማላውቀው ነገር ነው፤ እሱን ከማላውቀው ሰው ልግዛ?

«አባ፣ የሚያውቁን ጋ ከሄድን እኮ ያዩናል» አለኝ።

«ይዩን። ልንሰርቅ ነው እንዴ የምንሄደው?»

መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ልጄ ሲፈራ እንዲህ ነው። ምን እንደፈራ እኔም አላጣሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ትንሽ ቦታ አለችው። የሚፈልጋት ልጅ አባቷ መደብር ውስጥ ሂሳብ ትሠራለች። አባቷ ብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። በዕድሜም በሀብትም ከኔ ከፍ ይላሉ፤ የምንሰግደው ግን አንድ መስጊድ ነው፣ ስንት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። መልካም ሰው ናቸው። አንድ ነገር ላይ ብቻ አይቀለድባቸውም።

ትልቋን ልጃቸውን ሊያገባ የፈለገ አንድ ጎረምሳ ነበር። የጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራም አለው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለልጅቷ ውድ ስልክ ሰጣት። ሐጂ ሰሙ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ምሳ አበሏቸው፣ እጃቸውን አስታጠቧቸው፣ ከዚያ ስልኩን ከነካርቶኑ አምጥተው መሀላቸው አስቀመጡት። «እኔ መደብር ውስጥ ለዕቃ ቀብድ ይያዛል። እናንተ ደግሞ ልጄ ላይ ቀብድ ይዛችሁ መጣችሁ። ቀብዳችሁን ውሰዱ» አሏቸው። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ። ወሬው መርካቶን ሙሉ ዞረ። ጎረምሳው ሌላ ሽማግሌ ላከ፣ ደግሞ ሌላ ላከ፤ በሩም አልተከፈተለት።

እኛ ታዲያ ገና ሽማግሌ አልላክንም። የሚላኩትን ሰዎች መርጠናል፣ ቀን ግን አልቆረጥንም። ልጄ ቀለበቱ አስቀድሞ እጁ ካልገባ እንቅልፍ አልወስደው አለ። የዛሬ ልጆች አንዱ ካንዱ የሚያየው ነገር አለ፤ አልማዝ ያለበት የቃል ኪዳን ቀለበት የሁሉም ምኞት ሆኗል። «እደብቀዋለሁ አባ፤ ወላሂ፣ አባቷ እሺ እስኪሉ ለማንም አላሳይም» አለኝ። እናቱ ይሄ ነገር አይሆንም አለች። «ሐጂ ከሰሙ ልጁ ልጅቷን አጣት ማለት ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን ልቤ ለልጅ ቶሎ ይሸነፋል፤ ኮቴን ለበስኩና አብሬው ወጣሁ።

ወርቅ ሠሪው በዕድሜ ከኔ ብዙ ያንሳል፤ ተክለ ሃይማኖት የሚሳለም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የሚስቴን ጉትቻ የሠራው አባቱ ነበር። ስንገባ ወንበር ስቦ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?»

«ቀለበት ፈልገን ነው። አልማዝ ያለው።»

ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ልጄን አየ፣ ፈገግ አለ። ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ከካዝናው ጥቁር ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መብራት አበራበት።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ቅር አለኝ። ያን ያህል ስም ያለው ነገር ትልቅ ይሆናል ብዬ ነበር። ድንጋዮቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ቀለበቶቹም ቢጫ አይደሉም።

«ይሄ ወርቅ ነው?» አልኩት።

«ነጭ ወርቅ ነው ጋሼ። አሁን የሚፈለገው እሱ ነው።»

«ብር ነው የሚመስለው።»

«አባ፣ በናትህ» አለኝ ልጄ በሹክሹክታ። አፈረብኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። እጁ አልቦት ነበር፤ እያነሳ ሱሪው ላይ እጁን ይጠርጋል፣ እንደገና ያነሳል። በበሩ ሰው ባለፈ ቁጥር እጁን ሰብስቦ ወደ ጉያው ይከታል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቼ ሳስተውል ግን እኔም ጥላ ባየሁ ቁጥር ወደ በሩ እየዞርኩ ነው። የሚያውቁኝ ቤት ነው ብዬ ያመጣሁት እኔ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጎልቶ የታየኝ። የሚያውቁኝ ቤት ማለት፣ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚገቡበት ቤት ማለት ነው።

«ቶሎ በል» አልኩት።

«ቶሎ በል ይባላል እንዴ አባ? አንድ ጊዜ እኮ ነው የሚገዛው።»

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዷ ድንጋይዋ ብቻዋን የቆመች፣ ሌላዋ ዙሪያዋን በትንንሽ ድንጋይ የተከበበች። ወርቅ ሠሪው የጣቷ ልክ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ልጄ ወደኔ ዞረ፣ እኔ ወደሱ። ማናችንም አናውቅም።

«ጣቷ ቀጭን ነው፤ ደረሰኝ ስትሰጠኝ አይቻለሁ» አልኩና፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብቻዋን የቆመችውን አንስቼ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ላይ ሰካኋት። እንዲህ ነው የምትሆንላት ለማለት ያህል ነው። አንጓዬ ላይ ትቆማለች ብዬ ነበር። ሸርተት ብላ አለፈች።

ላወጣት ስል እምቢ አለች።

ገመድ ሲጎትት የኖረ እጅ አንጓው ቋጠሮ ነው። ሳብኩ። አዙሬ ሳብኩ። ልጄ ደግሞ በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ቀስ በል፣ ጣቴን ልትነቅለው ነው?»

«አይጎትቱት ጋሼ፣ ያብጣል» አለ ወርቅ ሠሪው። «ሳሙና ነው የሚያወጣው። የኔ ደግሞ አልቋል።» ልጄ ሳሙና ሊገዛ ሮጦ ወጣ።

እሱ በወጣ ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል ሐጂ ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም!»

ግራ እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ተነሳሁ። «ወዐለይኩም ሰላም፣ ሐጂ» ብዬ ቀኜን ዘረጋሁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው የሚጨበጠው። እሳቸውም ኪሴን አዩት።

«ምነው፣ እጅህን በረደህ?»

«ትንሽ ያመኛል።»

«ዕድሜ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምረህ ዘፍዝፈው።»

ወርቅ ሠሪው በዚህ መሀል ሳጥኑን ቀስ አድርጎ ከድኖ ወደ ታች አወረደው። ሐጂ የመጡት የሚስታቸውን አምባር ሊወስዱ ነው፤ መቆለፊያው ተሰብሮ ሰጥተውት ኖሯል። አጠገቤ ተቀመጡ። ሻይ ታዘዘ። እኔም በአንድ እጄ ብርጭቆ ይዤ ተቀመጥኩ።

«አንተስ ወርቅ ቤት ምን ትሠራለህ? ገመዱን በወርቅ ልትለውጠው ነው?»

«አባቱ ወዳጄ ነበር። አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ልጄ እያለከለከ ገባ። «ይኸው ሳሙና…» አለና ሐጂን ሲያይ እግሩ በሩ ላይ ቀረ።

«ሳሙና?» አሉ ሐጂ።

«አዎ… ለቤት ነው፣ ሐጂ።»

«ጎበዝ! የኔ ቤት ወንዶች ሳሙና የት እንደሚሸጥ እንኳ አያውቁም።» ወርቅ ሠሪውን የያዘው ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሥራ እንዴት ነው? የኔዋ ልጅ ስልክስ ዳነ?»

«ዳነ… አልሐምዱሊላህ» አለ ልጄ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

ጣቴ ኪሴ ውስጥ እንደ ልብ ትርታ ይመታል። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ አልነቃነቅም አለ። ሻዩ ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ እያልኩ ብርጭቋቸውን አያለሁ። ሐጂ ደግሞ ሻይ ሲጠጡ አይቸኩሉም።

አዛን ተባለ። የዐስር ሶላት ነው።

ሐጂ ተነሱና ክንዴን ያዙ። «በል ተነስ፣ አብረን እንሂድ።»

ምን እላለሁ? እርስዎ ይቅደሙ ልበል? አብረን ስንሄድ የኖርን ሰዎች ነን። ወርቅ ሠሪውን አየሁት። ያልተከፈለበት ቀለበቱ በኔ ኪስ ሊወጣ ነው። «ይሂዱ ጋሼ፤ እኔ የትም አልሄድም» አለኝ። ልጄ ሊሰናበተኝ የመጣ መስሎ ሳሙናውን በቀኝ ኪሴ ከተተልኝ። «እኔ ተከትያችሁ እመጣለሁ» አለ፤ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱ ሲወጣ እሱ መያዣ ሆኖ ቀረ።

መንገዱ ያው የዘወትሩ ነው። ተሸካሚዎች «ጎን! ጎን!» እያሉ ያልፋሉ፣ ሰው ይገፋል። ሐጂ ስለ ብርድ ልብስ ገበያ ያወሩኛል፤ አዎ፣ እንዴታ፣ እላለሁ። ልቤ ግን መስጊዱ ቧንቧ ጋ ቀድሞ ደርሷል። ከሶላት በፊት ውዱእ ሲደረግ እጅ ይታጠባል፤ ውሃው ከቀለበት ሥር መድረስ አለበት። ኪስ ውስጥ ያለ እጅ ደግሞ አይታጠብም። ቀድሜ ታጥቤያለሁ፣ ውዱእ አለኝ ልበል ብዬም አሰብኩ። ዋሽቼ ሶላት ልቆም? በሩ ላይ ደርቆ ሲቀር ያየሁት የልጄ ፊት ይመጣብኛል። ከዚህ በኋላ ምንም ባደርግ፣ ወይ ልጄን ልጅቷን አሳጣዋለሁ ወይ አላህን አሳዝናለሁ እያልኩ ደረስን።

ቧንቧዎቹ ፊት ለፊት ባሉት የሲሚንቶ መቀመጫዎች ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጫማችንን አወለቅን። ሐጂ እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። እኔ ቀኝ እጄን ብቻ ውሃው ሥር አደረግኩ።

«ዛሬ በአንድ እጅ ነው ውዱእ የምታደርገው?»

አወጣሁት። ጣቴ ቀልቶ፣ አብጦ የኔ ጣት አይመስልም። ድንጋይዋ ግን ውሃው ሲነካት ጭራሽ ታበራለች።

ሐጂ ቧንቧቸውን ዘጉ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብር ነው?» አሉኝ።

ለወንድ ብር ይፈቀድለታል፤ ወርቅ ነው ሐራሙ። መልኩ እንደሆነ ነጭ ነው። እኔ ራሴ ብር ይመስላል ብዬ አልነበር? አዎ ብል አንድ ቃል ነው፣ ያልፋል። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ውሃው በእጄ ላይ ይወርዳል፤ በዚሁ እጅ ነው አሁን ገብቼ የምቆመው።

«አይደለም፣ ሐጂ። ወርቅ ነው። የኔም አይደለም።»

«የማን ነው?»

«ልጄ ለልጅዎ ብሎ የመረጠው ነው። ገና አልገዛነውም። ሽማግሌ ሳንልክ ልንገዛ ገብተን፣ ስለካው ጣቴ ላይ ቀረ።»

ዓይናቸውን ከቀለበቱ አላነሱም። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው «አባቶች፣ ሶላቱ እኮ ሊያመልጠን ነው» አለ። ሐጂ አልዞሩም። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ስልኩን ሲያስቀምጡ የነበራቸው ፊት ይሄ ይሆን እያልኩ።

«ሳሙናው ኪስህ ውስጥ ነው አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

ሰጠኋቸው። እጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቴን በአረፋ ሸፈኑት። «ቢስሚላህ» ብለው አዙረው ሳቡ። እንባ ዓይኔ ውስጥ ሞላ። «እጅህን ወደ ላይ አንሳ። ደሙ ይውረድ» አሉኝ። እንደ ተማሪ እጄን አንስቼ ተቀመጥኩ፤ የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። እንደገና ያዙኝ። በዚህኛው አንጓዬን ልጣ ወጣች፤ ወጣችና ከሚያሟልጨው እጃቸው አመለጠች።

ሲሚንቶው ላይ ነጥራ ወደ ቦዩ ተንከባለለች። ውሃው ደግሞ ወደ ጉድጓዱ እየወሰዳት ነው። እኔ እስክነሳ ርቃኛለች። ልጄ ያንን ሁሉ ጊዜ የለፋበት፣ የወርቅ ሠሪው እምነት፣ ሁሉም በዚያች ቦይ ሲሄድ ዓይኔ ያያል። ሐጂ ባዶ እግራቸውን ጣል አድርገው ረገጧት።

ጎንበስ ብለው አነሱ፣ በውሃ አለቀለቁ፣ ደረት ኪሳቸው ከትተው ቁልፉን ቆለፉ። ከዚያ ውዱእን እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔም ጀመርኩ።

አጠገባቸው ቆሜ ሰገድኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ ኪሳቸው ይታየኛል፣ ቀና ሲሉ ኪሳቸው ይታየኛል።

ከሶላት በኋላ ደረጃው ላይ ጫማችንን ልናደርግ ተቀመጥን። ቀለበቱን አውጥተው በፀሐይ ያዩት ጀመር።

«ቀብድ ልትይዙብኝ ነበር» አሉ።

«ደብቆ ሊያስቀምጠው ነው የፈለገው፣ ሐጂ። እሺ እስኪሉ ድረስ።»

«መርካቶ ውስጥ? ከማን?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሷ ስልክ አዲስ ነው። ራሴ ነኝ ከዱባይ ያመጣሁላት። በየሳምንቱ ተበላሸ እያለች አውቶቡስ ተራ ስትመላለስ ዝም ያልኩት ሞኝ ሆኜ ይመስልሃል?»

ጫማዬን ማሰር ያዝኩ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ መሆኑን ቆይቼ ነው ያየሁት።

«ያኛው ጎረምሳ መጥፎ ልጅ አልነበረም» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ስልኩን የመለስኩ ቀን ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ትልቋ እስካሁን ቀና ብላ አታየኝም። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም።» ቀለበቱን በጣታቸው አዞሩት። «እኔ ምን ጠየቅኩ? ሰው መጥቶ፣ ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ፣ ልጅህን ስጠን ይበለኝ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲያ እነሱ ናቸው የሚኖሩት። የኔ ድርሻ ያቺ መጠየቅ ብቻ ናት። እሷንም ሊቀሙኝ ነው?»

«አንቀማዎትም፣ ሐጂ» አልኩ።

ቀለበቱን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ለባለ ሱቁ መልስለት። እዚያው ይቆይ። እኔ ምንም አላየሁም። እሑድ ቤት ነኝ፤ ሽማግሌ ላክ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሰብስበው ወሰዱት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። መጀመሪያ ሲመጡ እመልሳቸዋለሁ። ወንድሞቼን ሳላማክር፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብል ዘመድ ምን ይለኛል? ልጅቷ ባል አጥታ ቤት የቆየችበት ናት ወይ ይሉኛል። ሁለተኛ ይምጡ። ልጅህን እንዳይደነግጥ ንገረው።»

ተነስተው ወደ መደብራቸው ሄዱ። እኔ ቀለበቱን በጡጫዬ ይዤ፣ ጡጫዬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ተመለስኩ።

ልጄ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ቀለበቱን ሳስቀምጥ ወርቅ ሠሪው ተነፈሰ፤ ልጄ ግን ቀለበቱን አላየውም።

«አዩት?»

«አዩት።»

«ምን አሉ፣ አባ?»

«ሽማግሌ ላኩ፣ እመልሳቸዋለሁ አሉ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወርቅ ሠሪው የመርካቶ ሰው ነውና፣ ሐጂ ሽማግሌ ላኩ ማለታቸው እሺታ መሆኑ ወዲያው ገባው፤ «እሰይ!» ብሎ ልጄን ትከሻውን መታው። ልጄ ቀና ብሎ፣ ሰውየው ያበደ ይመስል አፈጠጠበት። እኔም ልነግረው ነበር። ግን ጣቴ በጣም ያመኝ ስለነበር፣ መጀመሪያ ቁጭ አልኩ።